እህቴ ከፈይዋን ይዛ የተሻገረች ዕለት

ታላቅ እህቴ ደግ ሆና አልተወለደችም። ይህን የምለው ሰዎች «እሷማ ተፈጥሮዋ ነው» ሲሉ ቆሽቴ ስለሚያር ነው። የምን ተፈጥሮ! አንድ አልጋ ላይ አብረን ያደግነው እኔ አውቃታለሁ። በልጅነታችን ምላሷ ጤፍ ይቆላ ነበር፤ የኔው እንኳ የሷ ትራፊ ነው። የነካትን ሰው ሳትመልስለት አታድርም።

ልብስ ሰፊ ነች። ባሏን ከቀበረች በኋላ ልጆቿን ያሳደገችው በአንዲት የስፌት መኪና ነው። እምነቷንም ከልቧ የያዘችው ያን ጊዜ ነው። «እትዬ፣ ቤተ ክርስቲያን መሳምሽስ ጥሩ፣ ምላስሽን የት ልታደርጊው ነው?» ብዬ ስቀልድባት አልሳቀችም። ከዚያ ወዲያ ደንበኛ ሲያናድዳት ስፒል በከንፈሯ መያዝ ጀመረች። ከንፈሩ ላይ ስፒል ያለ ሰው መልስ መስጠት አይችልማ። አንዳንድ ቀን ዓይኗ በርበሬ መስሎ ትይዘዋለች። ደግነትን እንዲህ ነው የተማረችው፤ እንደ ሙያ፣ እየተወጋች።

እኔ «ጮሌዋ» የምላትን ጎረቤታችንንም ስፌት ያስተማረቻት እሷ ናት። መቀስ አያያዝ እንኳ የማታውቅ ልጅ ነበረች። ሙያው እጇ ሲገባ ከመንገዱ ማዶ፣ ልክ ፊት ለፊታችን ሱቅ ከፈተች። ይሁን፣ እንጀራ ነው። ግን ደንበኛ ለመውሰድ ምን ብላ አስወራች መሰላችሁ? «እሷ እኮ ከሰው ጨርቅ ቀንሳ ታስቀራለች።» ለልብስ ሰፊ ከዚህ የከፋ ስድብ የለም፤ ሌባ ማለት ነው። ባጎረሰ እጅ መነከስ ይሏል ይሄ ነው! ደንበኞቻችን አንድ በአንድ ማዶ ተሻገሩ። አንዲቱማ ለልጇ ሠርግ የሚሆን ከፈይ እኛ ጋ ካስቀመጠች በኋላ ሐሜቱን ሰምታ መጣችና ይዛው ወደ ጮሌዋ ሄደች። እህቴ ስሟን በምን ታጽዳ? ያልሰረቀ ሰው ምን ያሳያል?

ታዲያ የሠርጉ ዋዜማ፣ በጠዋቱ፣ ጮሌዋ እያለቀሰች ሱቃችን ገባች። የዚያችን ሴትዮ ልጅ፣ የሙሽራዋን ቀሚስ አበላሽታዋለች። ከፈይ ጠጉር አለው፤ ወደ ታች ሲዳብሱት ይተኛል፣ ወደ ላይ ሲዳብሱት ይቆማል። ሁሉም ቁራጭ ጠጉሩ ወደ አንድ አቅጣጫ ካልተኛ፣ ብርሃን ላይ ሲወጣ ልብሱ ሁለት ቀለም ይሆናል። ጨርቁ ቢያጥራት የኋላውን ገልብጣ ቆርጣዋለች፤ ያየችውም ሰፍታ ጨርሳ ደጅ ስታወጣው ነው። ያ ቀለም ደግሞ ገበያ ላይ አልቋል። ይህ ከተወራ ሱቋ አለቀለት።

«እሰይ!» አልኳት፣ ምን እደብቃለሁ። «የእጅሽን ነው ያገኘሽው!»

እኔን ዘልላ ወደ እህቴ ዞረች። «እትዬ፣ ያ ቀለም አንቺ ዘንድ አለ። አይቼዋለሁ።»

አለ፣ አዎ። ባሏ ከሞተ ወዲህ ለራሷ ብላ የገዛችው ጨርቅ እሱ ብቻ ነው፤ ሳጥን ውስጥ ተጣጥፎ ተቀምጧል። እህቴ ስፒሏን ከንፈሯ ላይ አደረገች። እኔ ወደ ጓዳ ጎተትኳት።

«ስጫት፣ እሺ። ግን መጀመሪያ ሰው ፊት ‹ዋሽቼ ነው› ትበል። አንድ ቃል! ስምሽ እኮ ነው!»

«ብላት ትላለች» አለች፣ ስፒሏን አውጥታ።

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?»

«እንዲያማ ከሆነ መስጠቴ ቀርቶ መሸጤ ነዋ።»

ሳጥኑን ከፍታ ከፈዩን ታቀፈችና መንገዱን ተሻገረች። እኔም እየተነጫነጭኩ ተከተልኳት።

ጮሌዋ ከፈዩን ስታይ ሮጣ ቀድማን በሯ ላይ ደርሳለች፤ አጠገቧ የቆመችው ማን ብትሆን ጥሩ ነው? የሙሽራዋ እናት! ሴትዮዋ እህቴ እቅፍ ያለውን ስታይ ክው አለች።

«ይሄ የልጄ ከፈይ አይደለም እንዴ? ለካ ለዚህ ነው ይህቺ ‹ጨርቁ አጠረኝ› ያለችኝ! አንቺ ሴት፣ ፈጣሪን አትፈሪም?»

መንገደኛው ሁሉ ቆመ። ጮሌዋ ሰምታለች። «ጨርቁ የራሷ ነው፣ ያበላሸሁት እኔ ነኝ» ማለት ብቻ ነበረባት። ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። ደሜ ፈላ፤ አፌን ስከፍት እህቴ ክንዴን ጨመቀችው፣ ጥፍሯ እስኪገባ።

«ከልጅዎ ጨርቅ አንድ ክር አልወሰድኩም» አለች ለሴትዮዋ። «ቀሚሱ ለነገ ይደርስላታል።»

ሴትዮዋ እንትፍ ብላ ሄደች።

አሁንስ እህቴ ወደ ሱቃችን ትመለሳለች ብዬ ቆምኩ። ማንም ቢሆን ይመለስ ነበር። እሷ ግን ገባች። ከፈዩን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው፣ በመዳፏ ዳበሰችው፣ «ጠጉሩ በዚህ ይተኛል፤ መቀስ አምጪ» አለች። ቀሚሱ እስኪያልቅ ከሥራ ቃል በቀር አልተነጋገሩም። ስንወጣም ጮሌዋ ቀና ብላ አላየችንም።

ሱቃችን ስንገባ እህቴ ወንበሯ ላይ ዘጭ አለችና እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀች።

«ደግ የሆንኩ ይመስልሻል» አለች። «ያኔ ዝም ስትል በመቀሱ ብወጋት ደስ ባለኝ። እጄ ነው የታዘዘው፣ ልቤ እምቢ ብሏል። ጠዋት ጠዋት ስለሷ እጸልይ ነበር። አሁን ልጸልይ ብል አፌ አልላወስ አለ። እባክሽ፣ አንቺ ጸልዪላት።»

«እኔ?! ለሷ?»

«ሌላ ማን አለኝ?»

ተንበረከክሁ እንግዲህ። መጀመሪያ የመጣልኝ እርግማን ነበር፤ ዋጥኩት። ሁለተኛውም እርግማን ነበር። «ጌታ ሆይ» አልኩ። እህቴ እጄን ይዛ ትጠብቃለች። «ያቺን ልጅ… ሱቋን ጠብቅላት።»

እህቴ አሜን ለማለት ጊዜ ወሰደባት። ግን አለች።