በቅበላ የተደመሰሰው ድምፅ

በመተማ ዮሐንስ ገበያ፣ ከሰሊጥ መጋዘኖቹ ጎን ባለች ጠባብ የቆርቆሮ ሱቅ፣ ረፊቃ አብዱረሕማን የምትባል ሴት ኮምፒዩተርና ስልክ ትጠግናለች። ስለ እርሷ የምጽፈው የእግዚአብሔርን ድንቅ ሥራ በእጇ ስላየሁ ነው።

ረፊቃ የነጋዴ ልጅ ናት። አባቷ ጨርቅና ሽቶ ሲሸጡ እርሷ ከጀርባቸው ተቀምጣ የተበላሸ ሬዲዮ ትፈታ ነበር። በሱዳን ጦርነቱ ሳይነሣ ገዳሪፍ ከአክስቷ ዘንድ ኖራ ጥገናውን ተማረች። በመከር ወራት ከደጋ የሚወርዱት የቀን ሠራተኞች ወደ ኮኪትና ወደ አብደራፊ እርሻዎች ከመሻገራቸው በፊት በስልካቸው ዘፈን የምትጭንላቸው እርሷ ናት። ጎጃሜውን ከወሎየው በአነጋገሩ ለይታ፣ ሳይጠይቃት የአገሩን ዜማ ትጭንለታለች።

የድጓ መምህራችን መሪጌታ ቢሆነኝ ካረፉ ወዲህ ድምፃቸው የቀረው በአንድ ሐርድ ዲስክ ላይ ብቻ ነበር፤ በሕይወት ሳሉ ልጃቸው ዲያቆን ስሜነህ ቀድቶ ያኖረው ነው። የደብራችን ወጣቶች በቅበላ ዕለት፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል፣ ድስቱ ከቅባት እንደሚታጠብ ሁሉ ስልካቸውንም ከዘፈን ያጸዳሉ። ስሜነህ በዚያ ዕለት ዘፈኑም የተከማቸበትን ያንኑ ዲስክ ፎርማት አደረገው። የአባቱ ድምፅ በስልኩም ያለ መስሎት ነበር፤ ያ ስልክ ግን ከተለወጠ ቆይቷል።

እናቱ ወይዘሮ መንበረ ነገሩን ሲሰሙ አላለቀሱም። «አባትህን ሁለተኛ ቀበርኸው» ብቻ አሉት። ከዚያም ልጃቸውንና እኔን፣ የባላቸውን ወዳጅ፣ አስከትለው ወደ ረፊቃ ሱቅ ሄዱ።

ረፊቃ ዲስኩን ተቀብላ ስሜነህን አየችው። «ከደመሰስኸው በኋላ የጻፍህበት ነገር አለ?»

«መዝሙር ጫንሁበት።»

«ያ ሰላም! ብዙ ነው?»

«ለጾሙ የሚበቃ።»

«አንተ ሰው፣ ዘፈኑን ብትተወው አባትህም በቦታቸው በተቀመጡ!»

«እሰይ፣ ንገሪልኝ!» አሉ ወይዘሮ መንበረ።

እኔም «ልጄ፣ የተደመሰሰ ነገር እንዴት ይመለሳል?» ብዬ ጠየቅኋት።

«አባ፣ ፎርማት ሲደረግ መጀመሪያ የሚጠፋው ማውጫው ነው። ቃሉ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ በቦታው ይቆያል። መዝሙሩ ያልደረሰበት ስፍራ ከቀረ እናገኘዋለን።»

ይህን ስሰማ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በተማሪነቴ ዘመን የተፋቀ ብራና ወደ ፀሐይ ሲያቀኑት የቀድሞው ፊደል ከአዲሱ ቀለም ሥር ሲታይ አይቼ ነበር። ሰው ፋቅሁ ይላል፤ ቆዳው ግን አይረሳም።

ረፊቃ ዲስኩን በገመድ አገናኝታ ፍለጋውን ጀመረች። ረመዳንም በዚያው ሰሞን ገብቶ ነበርና በሱቁ ውስጥ ውኃ የቀመሰ አልነበረም። የቆላው ሙቀት ቆርቆሮውን ያንጫጫው ነበር። በመካከል መብራት ሲጠፋ ወይዘሮ መንበረ ነጠላቸውን ጨብጠው ተነሡ፤ ረፊቃ ግን «ባትሪ አለው፣ እማማ፤ ይቀመጡ» አለቻቸው።

ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ፍለጋው አበቃ። የወጡት ፋይሎች ስም አልነበራቸውም፤ ሁሉም በቁጥር ብቻ ተደርድረዋል።

«ኸላስ፣ አለቀ! እየከፈትን መስማት ነው» አለች ረፊቃ።

ስሜነህ ደነገጠ። «ዘፈኑም ተመልሷል እንዴ?»

«ሁሉም ነዋ! ከአባትህ ጋር አብሮ ነው የሚወጣው።»

«በጾም እንዴት ዘፈን እሰማለሁ?»

«እኔስ ጾመኛ አይደለሁም? አብረን እንሰማዋለን።»

እስክስታው መጣ፤ የሱዳኑ ከበሮ መጣ፤ ስሜነህ በእያንዳንዱ ላይ አንገቱን ይደፋል። እናቱም «ይኸን ሁሉ ነው አባትህ ቤት ስትሰማ የኖርኸው?» እያሉ ይወጉታል። ዘፈኑ ሲበዛ እርሳቸውም ነቀፋውን ትተው ወደ ረፊቃ ጠጋ አሉ፤ የቀረው ፋይል ጥቂት ነበርና።

ረፊቃ አንዱን ስትከፍት የጉሮሮ መጥረግ ድምፅ ተሰማ።

ወይዘሮ መንበረ እጃቸውን አነሡ። «ተዪው! አትንኪው። እሳቸው ናቸው።»

የመሪጌታ ድምፅ ከዚያች ትንሽ ድምፅ ማጉያ ወጣ። በግእዝ ዜማ ዝቅ ብሎ ጀመረ፤ ቀስ እያለ ከፍ አለ፤ እኔ አብሬው ማሕሌት የቆምሁት ሰው ከነእስትንፋሱ፣ ከነድካሙ በመካከላችን ነበረ። ስሜነህ ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። ዜማው ከፍታው ላይ ሳለ በድንገት ተቆረጠ።

ረፊቃ ደጋግማ ሞከረችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ከዚህ ወዲያ የለም፣ እማማ። መዝሙሩ ተጽፎበታል።»

ወይዘሮ መንበረ እንባቸው እየወረደ ሣቁ። «ድሮስ መቼ ጨርሰው ያውቃሉ? አንዱ መጥቶ በር ይመታል፣ ያቋርጣሉ። እስቲ እንደገና አሰሚኝ።»

ረፊቃ አስቀድማ ድምፁን በሌላ ዲስክ ላይ ቀዳችው፤ ከዚያ እንደገና ከፈተችው። እኔም ድጓ ሲባል ተቀምጬ አላውቅምና ተነሣሁ፤ ጣራው ዝቅ ያለ ስለ ነበረ አንገቴን ደፍቼ ቆምሁ።