የፉጨት ትምህርት

ኖሪን በአውስትራሊያ፣ በኩዊንስላንድ ገጠር፣ በበግ አርቢዎች ልጆች ትምህርት ቤት፣ ሃያ ስድስት ዓመት አስተምራለች። ትንሽ ትልቅ ሳይባል ሁሉም የሚማረው በአንድ ክፍል ነው። ልጁ የሚማረውን ራሱ ይመርጣል፤ የተማረውን ለታናሹ ካላስተማረ ግን አወቀ አይባልም። ደንቡን ያወጣችው ራሷ ኖሪን ናት፤ ማን አስገደዳት?

ድርቅ ገባና የአካባቢውን ቤተሰብ ሁሉ ጠራርጎ ወደ ከተማ ወሰደ፤ ከተማሪዎቹ የስምንት ዓመቷ ጆሲ ብቻ ቀረች። ጆሲ የቁጥር ማካፈል ተምራ ጨርሳ ዞር ዞር ብትል፣ የምታስተምረው ታናሽ የለም።

«እኔን አስተምሪኛ» አለች ኖሪን።

«አንቺማ ታውቂዋለሽ! እያወቁ መማር ማጭበርበር ነው፣ ሚስ። የማታውቂው ምንድን ነው?»

ኖሪን አሰበች። «በጣት ማፏጨት። አባትሽ ውሻውን እንደሚጠራው።»

ሳምንቱን ሙሉ ኖሪን ምራቋን ስትረጭ፣ ጆሲ «ኧረ በጓ እንኳ ትሻላለች!» እያለች በሳቅ ፈረሰች። ዓርብ ዕለት አባቷ የቤቱን ዕቃ ጭኖ መጣና ይዟት ሄደ።

ሰኞ ጠዋት ኖሪን እንደ ልማዷ በሩን ከፍታ ወንበሮቹን ደረደረች። ከዚያ ደጃፉ ላይ ቆማ ሁለት ጣቷን አፏ ውስጥ ከተተች። ፉጨቱ ጥርት ብሎ ወጣላት፤ እስከ ሜዳው ዳር ተሰማ። ታናሽ ስለሌላት ግን፣ በራሷ ደንብ ገና አላወቀችውም።