እናቱ አልረገጠችውም

ሰፈሩ «እቴ እምቢ» ይላታል። ባሏ ሲሞት ባለጋሪዎቹ «ፈረሷን ሽጪና አርፈሽ ተቀመጪ» ቢሏት፣ በማግስቱ ባዝራዋን ጠምዳ በአሸዋ ጫኞቹ ሰልፍ መሃል ቆማ ተገኘች። ከዚያ ወዲህ ከባሏ ታናሽ ወንድም፣ ከዋርሳዋ ጋር እየተፈራረቁ አሸዋ ያመላልሳሉ።

ባዝራዋ ለመውለድ ስትቃረብ ወተት ከግቷ ይንጠባጠብ ጀመር። እቴ እምቢ «ገና ሳይወለድ ቀለቡ ተትረፈረፈ!» እያለች ለጎረቤቱ ሁሉ አወራች።

ውርንጭላው ተወለደ፤ ቆመ፤ ጠባ። ብዙም ሳይቆይ ግን ያነክስ ጀመር።

«እናቱ ረግጣዋለች» አለ ዋርሳዋ፣ የጋጣውን በር ተደግፎ። «ዘይት ቀቢና በጨርቅ እሰሪው፤ ይለቀዋል።»

እቴ እምቢ በርከክ ብላ የኋላ እግሩን ዳሰሰች። መገጣጠሚያው አብጧል፤ ይፋጃል። የፊት ጉልበቱንም ነካች፤ ያው ነው።

«አንዱን ከፊት፣ አንዱን ከኋላ ረገጠችው? ባዝራ ናት ወይስ ዳንሰኛ?»

«እንግዲህ እትዬ፣ ፈረስ ይረግጣል።»

«ይረግጥ። እግር ስለተረገጠ እትብት ይረጥባል?»

እውነትም እትብቱ አልደረቀም፤ ይሸታል። ሐኪም ጠራች።

የእንስሳት ሐኪሙ ሙቀቱን ለካና ከመገጣጠሚያው በመርፌ ጥቂት ፈሳሽ ቀዳ። ጥርት ማለት የነበረበት ፈሳሽ ደፍርሶ ወጣ።

«ባክቴሪያ ነው» አለ። «ከመውለዷ በፊት ወተት ይንጠባጠብ ነበር?»

«እንዴታ! እኔማ ልጁ ጥጋበኛ ሊሆን ነው ብዬ...»

«የፈሰሰው እንገሩ ነው፣ እናቴ።»

ነገሩ እጅግ ስለሚደንቅ ላስረዳ። የሰው ልጅ ገና በማሕፀን ሳለ በሽታ መከላከያውን ከእናቱ ደም ይወስዳል። ውርንጭላ ግን ባዶ እጁን ይወለዳል። ስንቁ በሙሉ ያለው በእንገሩ፣ በዚያ ወፍራም የመጀመሪያ ወተት ውስጥ ነው፤ ያውም አንጀቱ ያንን ስንቅ ተቀብሎ ወደ ደም የሚያሳልፈው በተወለደበት ቀን ብቻ ነው። ያ ካመለጠው፣ ባክቴሪያ በእርጥቡ እትብት ወይም በአፉ ይገባና ከደሙ ጋር እየዞረ መገጣጠሚያው ውስጥ ይሰፍራል። እዚያ መግል ይሆናል። ሐኪሞች ውርንጭላ ሲያነክስ ካዩ ከርግጫ በፊት ኢንፌክሽን የሚጠረጥሩት ለዚህ ነው።

«ይድናል?» አለች እቴ እምቢ ሐኪሙን።

«ላይድንም ይችላል። መገጣጠሚያው ይታጠባል፤ መርፌው ሳይቋረጥ ይወጋል። እናቱም ከአጠገቡ አትራቅ፤ መጥባት አለበት።»

ዋርሳዋ ፊቱን ቋጠረ። «ለሚሞት ነገር ጋሪ ይቁም?»

«አልሞተም።»

«ሰው ይስቅብናል እኮ!»

«ይሳቅ። ጥርሱ ንፋስ ያግኝ።»

በማግስቱ ጠዋት ዋርሳዋ ልጓም ይዞ መጣ። እቴ እምቢ የጋጣው በር ላይ በርጩማዋን አኑራ ተቀምጣለች።

«ልለፍ፣ እትዬ።»

«ረግጠኸኝ እለፍ።»

ልጓሙን ትከሻው ላይ ጥሎ ተመለሰ። ባለጋሪዎቹም በዚያ ባለፉ ቁጥር መጮህ ያዙ፦ «ነርስ! በሽተኛሽ እንዴት አደረ?»

«አጥንቱ ከሚቆጠረው ፈረስህ ይሻላል!» ትላለች፤ ከተቀመጠችበት ንቅንቅ የለም።

ውስጧን የሚበላት ግን የውርንጭላው ዝምታ ነበር። መርፌ ሲወጋ ጆሮውን እንኳ አያነቃንቅም። አንድ ቀን ሐኪሙ «እስቲ ያዙልኝ» ሲል ዋርሳዋ እያጉረመረመ ገባ። መርፌው ገና ሲነካው ውርንጭላው ተወራጨና የዋርሳዋን ቅልጥም አገኘው።

«ወይኔ እግሬን!»

«ጎሽ!» አለ ሐኪሙ እየሳቀ። «ለመራገጥ ጉልበት አገኘ ማለት ነው። ሙቀቱም ወርዷል።»

ዋርሳዋ ቅልጥሙን እያሻሸ «በቃ ዳነ! ነገ ባዝራዋን ልጠምዳት» አለ።

«ገና ነው። አሁን ብናቆም የተደበቀው ባክቴሪያ ተመልሶ ይነሳል» አለ ሐኪሙ።

«ሰማህ?» አለች እቴ እምቢ፣ ውርንጭላውን ወደ እናቱ ግት እየገፋች።

«እና አሸዋውን ማን ይጎትተው?»

«እሱን ከጋሪው ጋር ተነጋገርበት።»