ለሳምሶን ቴስታታ የተጸለየ ጸሎት

መካኒኬ «የሞተሩ ክዳን፣ ቴስታታው፣ አይችለውም» እያለኝ አሮጌ መኪናዬ ላይ ጉልበት እንዲጨምር ቱርቦ አስገጠምኩና ስሙን ሳምሶን አልኩት። ሳምሶን የእንጦጦን ዳገት ሳያጋምስ ጋለ፣ ጨሰ፣ ቆመ። እኔም ወደ ታክሲ ተመለስኩ።

በማግስቱ ከየካ አባዶ በታክሲ ስመጣ መካኒኩ ደወለልኝ። ሬዲዮው ስለሚጮህ እኔም መጮህ ነበረብኝ።

«ሳምሶን እንዴት ሆነ? ከፈታችሁት? ቴስታታው ተሰንጥቋል? ለካ ያን ሁሉ ውሃ የሚጠጣው ለዚህ ነው። ታዲያ ተስፋ አለው?»

ስልኩን ስዘጋ አጠገቤ የተቀመጡ፣ መጽሐፍ ቅዱስ የያዙ እናት እጄን ያዝ አደረጉኝ።

«አይዞህ ልጄ። ዕድሜው ስንት ነው?»

«ሠላሳ ሁለት» አልኩ ሳላስበው።

«ውይ፣ ገና ልጅ እኮ ነው።»

መኪና ነው ልላቸው አፌን ስከፍት እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። «ጌታ ሆይ፣ የሳምሶንን ቴስታታ በእጅህ ዳስስ» አሉ። ታክሲው ሙሉ «አሜን» አለ። እኔማ ከሁሉም ጮክ ብዬ ነው ያልኩት።

ጸሎቱ እንዳለቀ ሾፌሩ በስፖኪዮ አየኝ።

«ወንድሜ፣ ቱርቦ ገጥመህበት ነበር እንዴ?»