የሎጥ ሚስት ሚስት ፈለገ

ወገዳ ላይ «ክንዱ የት ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ «የትኛው ክንዱ?» ትባላላችሁ። «የሎጥ ሚስት» ካላችሁ ግን የተጠየቀው ሁሉ ሥራውን ጥሎ ያደርሳችኋል። ክንዱ የገበሬዎች ማኅበሩን ትራክተር የሚነዳ፣ ዕድሜው አርባን የተጠጋ፣ ጢሙ የተንዠረገገ ወንድ ነው። «የሎጥ ሚስት» ያስባለው አንገቱ ነው። ከኋላው ተጎታች ካለ አንገቱ ፊት ለፊት አይረጋም።

ሳይነሣ ይወርዳል። ተጎታቹን ከትራክተሩ የሚያያይዘውን ወፍራም ፒን ይነቀንቃል። ፒኑ እንዳይዘል ከታች የምትሰካውን ቀለበት ይዳስሳል። ፒኑ ቢከዳ የምትይዘውን ሰንሰለት ይስባል። ጥቂት ሄዶ ደግሞ ይወርዳል። እህል ያስጫኑ ሴቶች «ክንዱ ፒኑን ተሳልሞ እስኪመለስ ጋቢ ፈትለን እንጨርሳለን» ይላሉ።

አንድ ገበሬ «በሬ የሚስበው በሻኛው ነው፤ አንተ ምነው ከታች አሰርኸው? ከፍ አታደርገውም?» ቢለው፣ «ትራክተር ከፍ አድርገህ ካሰርህበት ፊቱን አንሥቶ በጀርባው ይገለበጥብሃል» አለው። ገበሬው ሄዶ «ክንዱ ትራክተሩ ይጋልበኛል ብሎ ይፈራል» ብሎ አወራ። የወገዳ ወሬ እንዲህ ነው፤ ገብስ ሆኖ ይገባል፣ ጠላ ሆኖ ይወጣል።

ክንዱ ቅጽል ስሙን ከቁም ነገር አልቆጠረውም ነበር፤ ዘርፌን እስኪወድ ድረስ። ዘርፌ ገበያ ላይ ምስር ትሸጣለች፤ ሚዛኗም ምላሷም አይዛነፍም። እሷም እንደምትወደው ከራሱ ከክንዱ በቀር ያልሰማ የለም። አባቷ አቶ አለበል ግን የመጀመሪያውን አማላጅ «ልጄ ሚስት ልትሆን ነው፤ እሱም የሎጥ ሚስት ነው። ሁለት ሚስት ባንድ ጎጆ፣ ባሉ ማን ሊሆን ነው?» ብለው መለሱት። አንድ ዕድል ብቻ ቀረው። ይህም ካልሰመረ ዘርፌ ለእስቴው በግ ነጋዴ ናት ተባለ።

ቀኑ ደረሰ። ሽማግሌዎቹ ቤተ ልሔም ድጓ የተማሩት መሪጌታ ዘመኑ፣ ጉልበት የሚያማቸው አቶ ጓዴ እና የትም ቢቀመጡ እንቅልፍ የማያጡ አንድ አዛውንት ነበሩ። መንገዱን ዝናብ ስላበላሸው መኪና እምቢ አለ። ሙሽራ ሽማግሌውን ራሱ ጭኖ ሲሄድ ታይቶ አይታወቅም፤ ግን ሌላ ነጂ የለም። «ተጎታች ላይ ሰው አይጫንም» ብሎ አገር ያሰለቸውም እሱው ነው። «ሽማግሌ ሰው አይደለም፣ ወግ ነው» ብሎ ራሱን አባበለና ጭድ ጎዝጉዞ አሳፈራቸው።

የአቶ አለበል ቤት ዳገት አናት ላይ ነው፤ መጪው ሁሉ ከደጃቸው ይታያል። «ዛሬስ አንገቴ ይቀንጠስ እንጂ ዞሬ አላይም» ብሎ ማለ ክንዱ። ፒኑን ጣል አደረገ። ሰንሰለቷን ተዋት። ቀለበቷን ኪሱ ውስጥ እንደያዘ ሞተሩን አስነሣ።

ከዳገቱ ሥር ካለችው ቦይ ሲደርስ ተጎታቹ ነጠረ፤ ፒኑ ዘሎ ወጣ። ሽማግሌዎቹ ጮኹ፤ ሞተሩ በለጣቸው። ትራክተሩ ድንገት ቀለለው። ክንዱ «አይ የፍቅር ነገር፣ ብረት ያበረታል» እያለ ደረቱን ነፍቶ ዳገቱን ወጣ።

አቶ አለበል በራቸው ላይ ቆመው ጠበቁት።

«ሽማግሌዎችህስ?»

«ኋላዬ ናቸው።»

«ኋላህማ ሰማይ ነው።»

መሐላው እዚያ ላይ ፈረሰ። ክንዱ ዞረ። ቁልቁል፣ ተጎታቹ ምላሱን ጭቃ ውስጥ ተክሎ የሰው ገብስ መሐል ቆሟል። መሪጌታ ላዩ ላይ ሆነው ጭራቸውን ያወዛውዛሉ። አቶ አለበል አጥሩን ይዘው ሳቁ፤ ሲበቃቸው ግን «ሽማግሌ ያልደረሰበት ሽምግልና የለም» ብለው ወደ ቤት ሊገቡ ሲሉ ዘርፌ ብቅ አለች። «እነሱ ካልመጡ እኛ እንውረድ እንጂ አባባ። መሪጌታን ገብስ ውስጥ ጥለን በየትኛው ዓይናችን ቤተ ክርስቲያን እንሳለማለን?»

ወረዱ። ክንዱም ትራክተሩን እየነዳ አንገቱን ደፍቶ ተከተለ። አዛውንቱ አሁንም ተኝተዋል። አቶ ጓዴ «ደረስን እንዴ?» አሉ።

መሪጌታ ከተጎታቹ ሳይወርዱ እንደ ዐውደ ምሕረት ቆመው ጀመሩ። «አቶ አለበል፣ የሎጥን ሚስት ያውቋታል። ሎጥንስ?»

«እሱንም አውቃለሁ።»

«እሷ ዞራ ብታይ ጨው ሆነች። እሱ ሳይዞር ቢሄድ ሚስቱን አጣ። ይህ ሰው እስከ ትናንት እሷን ሆኖ ኖረ። ዛሬ እርስዎን ደስ ለማሰኘት ሎጥን ቢሆን እኛን ገብስ ላይ በተነን። ለልጅዎ የትኛው ይሻላል?»

አቶ አለበል ተጎታቹን አዩ፣ የተኙትን አዛውንት አዩ፣ ክንዱን አዩ።

«ጨውስ ለወጥም ይሆናል» አሉ።

ክንዱ ገና አልገባውም ነበር። ትራክተሩን ወደ ኋላ አስጠግቶ ፒኑን ከጭቃ ፈልጎ ሲመልስ ዘርፌ መጥታ እጇን ዘረጋች።

«ቀለበቱን አምጣ።»

ፊቱ በራ። ከዚያ ደነገጠ፤ የወርቅ አልገዛም። «ገና እኮ…» ብሎ ተንተባተበ።

«ኪስህ ውስጥ ያለውን ነው የምልህ» አለችና ተቀብላ፣ ጎንበስ ብላ ፒኑ ጫፍ ላይ ሰካችው። ሰንሰለቷንም አያያዘች። «በል ንዳ፣ እየዞርህ።»