ጋቢ ውስጥ የተደበቀው ወረቀት

በደርግ ጊዜ ጉለሌ ውስጥ ሸማኔ ነበርኩ። ዓይኔ ደርቆ አሸዋ የገባበት ይመስል ይቆረቁረኝ ጀመር፤ ክሩ እየጠፋብኝ ሥራዬን ልተው ምንም አልቀረኝም። ይባስ ብሎ በአባቴ ቀብር ላይ እንኳ ጠብ የሚል እንባ ስላጣሁ፣ ዘመድ ሁሉ "ልበ ደረቅ!" ብሎ አምቶኛል።

ሆስፒታል ሄድኩ፤ ሐኪሙ የዓይን ጠብታ አዘዘልኝና በየወሩ ይመረምረኝ ጀመር። ቀጭን ወረቀት በታችኛው የዓይን ቆብ ላይ ያንጠለጥልና እንባዬ ምን ያህል እንዳራሰው ይለካል። በሦስተኛው ወር ወረቀቶቹን ሰካልኝና፣ "ዓይንህን ጨፍነህ ኮሪደሩ ላይ አምስት ደቂቃ ተቀመጥ፤ እንዳታወራ" አለኝ። ሰው እንዳይስቅብኝ ጋቢዬን ተከናንቤ አቀረቀርኩ።

ወዲያው አንዲት እናት አጠገቤ ቁጭ አሉና "አይዞህ ልጄ" አሉኝ። በዚያ ዘመን ማን ሞተብህ ብሎ መጠየቅም ያስፈራ ነበር። ዝም ስላቸው ባሰባቸው፤ ማልቀስ ጀመሩ። ተራ የሚጠብቁት ሌሎች በሽተኞችም ተከተሏቸው። በቃ፣ አግዳሚው ለቅሶ ቤት ሆነ! ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል ጉንጬ ላይ አንድ ሞቅ ያለ ነገር ወረደ።

ሐኪሙ ለቅሶውን ሰምቶ ደንግጦ ወጣ። ወረቀቶቹን አንሥቶ አየና፣ "እስከ ጫፉ ርሷል! እንባህ መጣ እኮ!" ብሎ ጮኸ።

እናትየዋ ግራ ገብቷቸው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

"ለመሆኑ ማን ሞቶብህ ነው ልጄ?"

"አባቴ" አልኳቸው፣ ፊቴን በጋቢዬ እየጠረግኩ።

"እኔን! መቼ?"

"ሦስት ዓመት ሆነው።"