የረቡዕ ውሃዬ

ዝናቡ ከከዳን ሦስተኛ ዓመታችን ነበር። ከመካነ ሰላም በታች ያለው ወንዛችን ቀጥኗል፤ በአባቴ ጊዜ ለጥቂት ቤተሰብ ይበቃ የነበረውን ቦይ አሁን የልጅ ልጁ ሁሉ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ማሳችንን በተራ ነው የምናጠጣው። የእኔ ቀን ረቡዕ ነው።

አንድ ረቡዕ ማለዳ ቦዩን ደርቆ አገኘሁት። ድንቼ ጠውልጓል። ቦዩን ተከትዬ ሽቅብ ስወጣ ውሃው ተጠልፎ የውሃ አባታችን ማሳ ውስጥ ይንፎለፎላል። ተራ እንዲያስከብሩልን የመረጥናቸው እሳቸው የአባቴ ወንድም ናቸው።

«ጋሼ፣ ዛሬ የማን ተራ ነው?» አልኳቸው።

«ልጆቼ በዙ፣ ምን ላድርግ? አንቺ እንደሆን አንድ ራስሽን ነሽ» አሉኝ፣ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩኝ።

ደሜ ፈላ። ዶማቸውን ከእጃቸው ነጥቄ የጠለፉበትን ግድብ ናድኩት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎች «አጎትሽን አዋርደሻል፣ ይቅርታ ጠይቂ» አሉኝ።

«ውሃዬን ተቀምቼ ይቅርታ የምጠይቀው እኔ ነኝ?»

ይሄኔ ከኋላዬ የቆሙት ሴቶች «የእኛንም ወስደዋል!» እያሉ በአጎቴ ላይ ተነሱ። በዚያው ቀን ከውሃ አባትነታቸው ተሻሩ። ድንቼ ግን አልዳነም። ዛሬም መንገድ ላይ ሳገኛቸው ጉልበታቸውን አልስምም።